ያገለገለ ባለ 8 ቴራባይት ሃርድ ዲስክ በቤት ሚዲያ ሰርቨር፦ ከ9 ወር በኋላ

አሮጌ ዴስክቶፕን የፊልም ማከማቻ ላደረገ ሰው ከዳታ ሴንተር (የድርጅቶች ሰርቨሮች ከሚቀመጡበት ማዕከል) የወጣ ያገለገለ ዲስክ ያዋጣል፤ ፋይል ከመጫኑ በፊት ከተፈተነ ግን ብቻ ነው። ቀንም ሌሊትም ሳይጠፉ 9 ወር የሠሩት ሁለቱ ዲስኮች እስካሁን አንድም የተበላሸ ሴክተር (መረጃ የሚጻፍበት ትንሽ ክፍል) አላሳዩም።

ፍጥነቱ ይበቃል። የ4ኬ ብሉሬይ ፊልም በሰከንድ ከ18 ሜጋባይት አይበልጥም፤ እንዲህ ያለ ዲስክ በጣም ቀርፋፋ በሆነው የውስጠኛው ክፍሉ እንኳ 100 ገደማ ያነባል። ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ክፍል የሌለው ፈጣን ዲስክ) ለኦፐሬቲንግ ሲስተሙና ለሚዲያ ሶፍትዌሩ ዳታቤዝ ብቻ ይሁን።

ብዙ ሰው የሚደናገጠው ዲስኩ ሲሰካ ጭራሽ አልዞር ሲል ነው። ሞቷል ብላችሁ አትመልሱት። በአዲሱ የሳታ (ዲስክ ከኮምፒውተር ጋር የሚገናኝበት የተለመደ መሰኪያ) ደረጃ ሦስተኛው የኃይል ፒን ዲስኩን ማጥፊያ ሆኗል፤ አሮጌ ፓወር ሰፕላይ ደግሞ በዚሁ ፒን 3.3 ቮልት ሳያቋርጥ ይልካል። ፒኑን ሙቀት በሚችል ካፕተን ቴፕ መሸፈን ይበቃል። 3.3 ቮልት በሌለው በአሮጌው ባለ 4 ፒን የኃይል መሰኪያ፣ ማለትም በሞሌክስ አዳፕተርም ይፈታል፤ ነገር ግን ፕላስቲኩ ሽቦዎቹ ላይ ቀልጦ የተደፈነውን ዓይነት አትግዙ፤ ውስጥ ለውስጥ ተነካክቶ ሊቃጠል ይችላል።

ፈተናው ረጅሙ የስማርት ምርመራ (ዲስኩ ራሱን የሚፈትሽበት) ነው፤ ለ8 ቴራባይት ግማሽ ቀን አልፎ ይሄዳል። ከዚያ በስማርት ሪፖርቱ ላይ የተበላሹ ወይም የሚያጠራጥሩ ሴክተሮችን የሚቆጥሩትን 5፣ 197 እና 198 ቁጥር መስመሮችን እዩ። ጥሬ ዋጋቸው ከዜሮ ካለፈ፣ የመመለሻ ጊዜው ሳያልፍ መልሱት። የሠራበት ሰዓት ሊሰረዝ ስለሚችል ብቻውን አይታመንም። ሲተላለፍ የተበላሸ መረጃን የሚቆጥረው 199 ሲጨምር ግን አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የኬብሉ ነው፦ በ5ኛው ወር በአንደኛው ዲስክ ላይ መጨመር ጀምሮ የሳታ ኬብሉ ሲቀየር ቆመ። የተመዘገበው ቁጥር ወደ ዜሮ ስለማይመለስ፣ የሚታየው መጨመሩን ማቆሙ ነው።

ጉድለቱ ድምፁ ነው፤ ፋይል ሲፈልግ ይንኳኳል፣ መኝታ ክፍል ውስጥ አይቻልም። ሙቀቱም ከፊቱ ማራገቢያ እስኪገጠም 47 ዲግሪ ይደርስ ነበር፤ አሁን 38 ላይ ነው።

ስትገዙ የሳስ (ለሰርቨሮች የተሠራ ሌላ መሰኪያ ያለው) ዲስክ እንዳይሰጧችሁ፤ ርካሽ ቢሆንም ተራ ማዘርቦርድ ላይ አይሰካም። ትራኮቹን በከፊል አደራርቦ የሚጽፈው፣ ደግሞ ሲጻፍበት የሚዘገየው ኤስኤምአር የሚባለው ዓይነት አንዴ ተጽፎ ለሚነበብ ፊልም ይሆናል፣ ለሬይድ (ብዙ ዲስኮችን እንደ አንድ ለማሠራት) ግን ትራኮቹን የማያደራርበው ሲኤምአር ይሁን። ዲስኩ ሲከፋፈል ደግሞ ጂፒቲ የሚባለውን የአከፋፈል ዘዴ ምረጡ፤ በአሮጌው ዘዴ በኤምቢአር ከ2 ቴራባይት በላይ ያለው ቦታ አይታይም።