ኦአርኤስ፣ ሦስት የቢራ ጠርሙስና ሲስተር

ባለፈው ሳምንት ትንሹን ልጄን ተቅማጥ አጣደፈው። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የመጨረሻውን ዳይፐር ቀየርኩ፣ ሲነጋ ፋርማሲ ሮጥኩ። የፋርማሲውን ስም አልጠራም፤ ሰውየው ግን ነገሬን ሳልጨርስ አንቲባዮቲክ ሊያሸክመኝ ነበር። ደም አለው ወይ ብሎ እንኳ አልጠየቀኝም። እኔ ደግሞ ሲስተር እጅ ላይ ነው ያደግኩት። ኦአርኤስ፣ ማለትም በተቅማጥ የወጣውን ውሃና ጨው ለመተካት በውሃ የሚበጠበጠውን ዱቄት፣ እና ዚንክ ብቻ ይዤ ወጣሁ።

እንግዲህ ስለ ኦአርኤሱ ልንገራችሁ። ዋጋው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ጣዕሙ ፓኬቱ ላይ ብርቱካን ይላል፤ ብርቱካን በአጠገቡም ያለፈ አይመስለኝም። ልጄ የመጀመሪያውን ማንኪያ ፊቴ ላይ ተፋው።

ዋናው ቅሬታዬ ግን ጽሑፉ ነው። በአንድ ሊትር ውሃ በጥብጡ የሚለው በእንግሊዝኛ፣ ያውም ጉንዳን በሚያክል ፊደል ነው። ጎረቤታችን ግማሹን ፓኬት አንድ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጣል አድርጋ ስታማስል በዓይኔ አይቻለሁ። ጨው ሲበዛ ደግሞ ልጁን ይጎዳዋል። 20.5 ግራሟ ዱቄት ተለክታ ነው የታሸገችው፤ 13.5ቱ ግሉኮስ፣ 2.6ቱ የገበታ ጨው፣ የቀረው ፖታሲየምና ሲትሬት። ግሉኮሱ ለማጣፈጫ የገባ እንዳይመስላችሁ፤ ጨውን በአንጀት ይዞ የሚገባው እሱ ነው፣ ውሃውም ተከትሎ ይገባል።

ይሄን ሁሉ ያስተማሩኝ ሲስተር ናቸው። አክስቴ ነበሩ፤ ግን እናቴን ጨምሮ ሰፈሩ በሙሉ ሲስተር ነው የሚላቸው። ዘንድሮ በ91 ዓመታቸው አረፉ። እ.ኤ.አ. በ1954 የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ካፈራቸው የማኅበረሰብ ነርሶች አንዷ ነበሩ። ያኔ የጤና መኮንን፣ ነርስና ሳኒቴሪያን (የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያ) በቡድን ሆነው ወደየአውራጃው ይላኩ ነበር፤ እሳቸውም ዕድሜያቸውን የፈጁት ከሆስፒታል ይልቅ በሰው ጓዳ ነው።

ጡረታ ከወጡም በኋላ ኩሽናቸው በር ሥር ሦስት ባዶ የቢራ ጠርሙሶች አይጠፉም ነበር። ቢራ በአፋቸው ዞሮ አያውቅም! የአንዱ ጠርሙስ ልክ 330 ሚሊ ሊትር ስለሆነ፣ ሦስቱ ሲደመሩ ከሊትር የሚጎድለው 10 ሚሊ ብቻ ነው። ልጅ አዝላ የመጣችን እናት የፈላና የቀዘቀዘውን ውሃ ራሷ እንድትለካ ያደርጓታል። "እኔ ከበጠበጥኩልሽ ነገ ማን ሊበጠብጥልሽ ነው?" ይሏታል፣ ቆጣ ብለው። ለቅሶው ላይ አንድ ጎልማሳ የሚኒባስ ሹፌር ድንኳኑ ውስጥ ተነስቶ "እኔን በማንኪያ ነው ያተረፉኝ" ብሎ እንባው ቀደመው። ከዚያ በኋላ ሊቀጥል አልቻለም።

እኔም እንደሳቸው አደረግኩ። ሲያስመልሰው አሥር ደቂቃ ጠበቅኩ፣ ከዚያ በየሁለት ሦስት ደቂቃው አንድ ማንኪያ። ክንድ ያዝላል፤ ትዕግስትም ይፈትናል። ወደ ማታ ዳይፐሩ በሽንት ከበደ። እንዲህ በሽንት እደሰታለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። ከበጠበጣችሁት ከ24 ሰዓት በኋላ የተረፈውን ድፉት። ዚንኩ ደግሞ ተቅማጡ ቢቆምም እስከ አሥር ቀን ይቀጥላል፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚያቋርጠው። ደም ካያችሁ፣ ዓይኑ ከጎደጎደ ወይም መጠጣት ካቃተው ግን ከማንኪያው ጋር አትታገሉ፣ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ከአምስት ኮከብ አራት ሰጥቼዋለሁ፤ አንዱን የቀነስኩት ለፊደሉ ነው። ከአርባው በኋላ የሲስተር ዕቃ ሲከፋፈል እኔ የጠየቅኩት ጠርሙሶቹን ነበር። ሁለቱ ደረሱኝ፤ ሦስተኛውን የአጎቴ ልጅ ከለቅሶው ባዶ ጠርሙሶች ጋር ቀላቅሎ ለግሮሰሪው መልሶታል። ስለዚህ አንዱን ሁለቴ እሞላዋለሁ።