ከ14 ወር በኋላ ብሎኩን ፈታሁት

ቅዳሜ ጠዋት በፈሳሽ የሚቀዘቅዘውን ኮምፒውተሬን ጠረጴዛው ላይ አጋድሜ ኩላንቱን (ውስጡ የሚዞረውን ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) አፈሰስኩት። የሞላሁት ከ14 ወር በፊት ነው። በመሃል ሁለት ጊዜ ትንሽ ጨመርኩበት እንጂ ቀይሬው አላውቅም። የፕሮሰሰሩን ብሎክ (ፕሮሰሰሩ ላይ ተቀምጦ ሙቀቱን ለፈሳሹ የሚያቀብለውን የብረት ክፍል) ስፈታ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ልቤ ድው ድው ይል ነበር። ከዚህ በፊት አንድ ብሎክ ፈትቼ ያየሁትን አልረሳሁማ። እሱን አስቀድሜ ልንገራችሁ።

የመጀመሪያውን የውሃ ማቀዝቀዣ የገጣጠምኩት ከተለቃቀመ ዕቃ ነበር። ራዲያተሩ፣ ማለትም ፈሳሹ ሙቀቱን ለአየር የሚለቅበት ክፍል፣ ያገለገለ ነው። ሻጩ «መዳብ ነው» አለኝ፤ አመንኩት። ጥቁር ቀለም ስለተቀባ ከላይ አይታወቅም። ሲያነሱት ግን ቀለል ይል ነበር። መዳብ ከአሉሚኒየም ሦስት እጥፍ በላይ እንደሚከብድ ያኔ ትዝ ቢለኝ ኖሮ እዚያው እመልሰው ነበር። እኔ ግን መቅለሉን እንደ ጥሩ ነገር ቆጠርኩት። ብሎኩ መዳብ፣ ራዲያተሩ አሉሚኒየም፣ በመካከላቸው የሚዞረው የተጣራ ውሃ ብቻ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ? እኔም በኋላ ከወለሉ ላይ በጨርቅ ለቅሜያለሁ።

አምስት ወር ያህል ምንም አላለም። ከዚያ የፕሮሰሰሩ ሙቀት ቀስ እያለ ወጣ። ጌም ስጫወት 63 ዲግሪ የነበረው 74 ገባ። ፓምፑን ጠረጠርኩ። በፕሮሰሰሩና በብሎኩ መካከል የሚቀባውን ፔስት ቀየርኩ። ለውጥ የለም። በመጨረሻ ብሎኩን ስከፍተው በቀጫጭኖቹ የመዳብ ክንፎች መካከል ነጭ፣ ሙጫ የመሰለ ነገር ተሰግስጎ አገኘሁ። አሉሚኒየም ሃይድሮክሳይድ ነው። ራዲያተሩ ከራሱ ላይ እየተበላ ወደ ብሎኩ ሲልክ ከርሟል። ከሳምንት በኋላ ደግሞ ራዲያተሩ ራሱ በታችኛው ጥግ በኩል ማንጠባጠብ ጀመረ። ቀዳዳዋ በመርፌ የተወጋች ያህል ናት።

የሆነው እንዲህ ነው። ሁለት የተለያዩ ብረቶች አንድ ፈሳሽ ውስጥ ተነክረው በሌላ በኩል በኤሌክትሪክ ከተገናኙ ባትሪ ይሆናሉ። ከሁለቱ ደካማው ይበላል፤ ጠንካራው ይተርፋል። በኬሚስትሪ ሠንጠረዥ ላይ መዳብ +0.34 ቮልት፣ ኒኬል −0.26፣ አሉሚኒየም −1.66 ላይ ናቸው፤ ቁጥሩ ዝቅ ያለው ደካማው ነው። በመዳብና በአሉሚኒየም መካከል 2 ቮልት ልዩነት አለ ማለት ነው። በተግባር አሉሚኒየም በቀጭን የኦክሳይድ ሽፋን ራሱን ስለሚጋርድ ነገሩ ያን ያህል አይከፋም። ግን ሽፋኑ አንድ ቦታ ላይ ከተሰበረ ጥቃቱ ሁሉ እዚያች ነጥብ ላይ ይረባረባል። የኔ ራዲያተር ሌላው አካሉ ደህና ሆኖ በአንዲት ቀዳዳ ያለቀው ለዚህ ነው።

«ብሎኩና ራዲያተሩ በጎማ ቱቦ ስለተለያዩ አይገናኙም» የሚል ሰው አለ። እኔም ስል ነበር። ራዲያተሩ ኬዙ (የኮምፒውተሩ ሳጥን) ላይ በብሎን ታስሯል። ብሎኩ ማዘርቦርዱ ላይ፣ ማዘርቦርዱ ኬዙ ላይ። መንገድ ተገኘ። ይሄ መንገድ ባይኖር እንኳ ከመዳቡ የሚሟሟው ጥቂት አዮን (ኤሌክትሪክ የያዘ ጥቃቅን ቅንጣት) ከውሃው ጋር ተጉዞ አሉሚኒየሙ ላይ ይለጠፍና እዚያው ጥቃቅን ባትሪዎችን ይፈጥራል።

ችግሩ ደግሞ የዛሬ አይደለም። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል እ.ኤ.አ. በ1761 አላርም የተባለችውን መርከብ ሆድ፣ የባሕር ትል እንጨቷን እንዳይበላው ብሎ፣ መዳብ አለበሰው። በ1763 ሲመረምሯት መዳቡን የያዙት የብረት ምስማሮች ተበልተዋል። የተረፉት መዳቡ ተጠቅልሎበት የመጣው ቡናማ ወረቀት ሳይነሳ ቀርቶ ከመዳቡ የለያቸው ብቻ ነበሩ። እኔ ያቺን ወረቀት እንኳ አልነበረኝም።

ወደ ሁለተኛው ማቀዝቀዣዬ ልለፍ፤ ይሄ ግምገማ የሱና የኩላንቱ ነው። ራዲያተሩ የመዳብ ቱቦና ክንፍ ያለው፣ ጫፎቹ ናስ ናቸው። የፕሮሰሰሩም የግራፊክስ ካርዱም ብሎኮች ኒኬል የተቀባ መዳብ፤ ፊቲንጎቹ (የቱቦ መገጣጠሚያዎቹ) ኒኬል የተቀባ ናስ። ቱቦው ኢፒዲኤም የሚባለው ጥቁር ጎማ ነው። አያምርም። ግን ግልጹ የፕላስቲክ ቱቦ ከጊዜ በኋላ ማለስለሻውን ወደ ውሃው እየለቀቀ ብሎክ ይደፍናል፤ ይሄኛው ያ ጣጣ የለውም። አሉሚኒየም የሚባል ነገር የትም እንዳይኖር የፓምፑን ክዳንና የማጠራቀሚያውን ጌጥ ሳይቀር አገላብጬ አይቻለሁ። ለውበት ተብሎ የሚገባ ቁራጭ ውሃውን ከነካ ውበቱ ብዙ አይቆይም።

ፈሳሹ ተዘጋጅቶ የሚሸጥ፣ ቀለም የሌለው፣ በፕሮፒሊን ግላይኮል የተሠራ ኩላንት ነው። ስሙን የማልጠራው ማስታወቂያ እንዳይመስልብኝ ነው፤ የዚህ ዓይነት ኩላንቶች ደግሞ አሠራራቸው ተቀራራቢ ነው።

ሰው ኩላንት የሚገዛው የበለጠ ያቀዘቅዛል ብሎ ነው። አያቀዘቅዝም። ሙቀት በመሸከም ንጹሕ ውሃ ከግላይኮል ይበልጣል። የኩላንት ሥራ ሌላ ነው፤ ዘበኛ ነው። ውስጡ ለምሳሌ ቤንዞትራያዞል የሚባል ኬሚካል ሊኖር ይችላል፤ መዳቡ ላይ በዓይን የማይታይ ስስ ሽፋን ሆኖ ይቀመጣል። ፒኤቹን (የአሲድነት መለኪያውን፤ ሲወርድ ፈሳሹ አሲዳማ ይሆናል) ወደ ታች እንዳይወርድ የሚይዙ ጨዎችም ይገባሉ። ዘበኛው ግን ደመወዙን ከራሱ እየበላ ነው የሚጠብቀው። ቀስ በቀስ ያልቃል።

«የተጣራ ውሃ ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍ አያዝግም» የሚለውም ግማሽ እውነት ነው። የመጀመሪያው ቀን ላይ ልክ ነው። ከዚያ ውሃው ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይስባል፤ ፒኤቹ ወደ 5.6 ገደማ ይወርዳል። ከብረቶቹም አዮን ያነሳል። ከዚያ በኋላ ንጹሕ የሚባለው በስሙ ብቻ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ስለ ምንም አያስወሩም። ለሁለት ቀን አረፋ ነበረው፤ ጠፋ። ክፍሉ 23 ዲግሪ ሲሆን ኩላንቱ በሙሉ ጫና 34 ላይ ይረጋል፤ ፕሮሰሰሩ 61። እነዚህን ቁጥሮች ወረቀት ላይ ጽፌ ኬዙ ውስጥ ለጠፍኩ። ዝገት ቀድሞ የሚታየው በዓይን አይደለም፤ በሙቀት ቁጥር ነው። የድሮው ሲስተሜ ላይ ይህን አድርጌ ቢሆን ሁለት ወር ቀድሜ እነቃ ነበር።

ስድስተኛው ወር ላይ ማጠራቀሚያው በጣት ወርድ ጎደለ። የፈሰሰ ነገር የለም። በጎማ በኩል ቀስ ብሎ የሚተነው ውሃው ነው፤ ግላይኮሉና ፀረ-ዝገቱ ውስጥ ይቀራሉ። ስለዚህ የጎደለውን በተጣራ ውሃ ሞላሁት። ቢፈስ ኖሮ ግን በኩላንት ነበር የምሞላው። ምክንያቱም ያኔ የሄደው ውሃው ብቻ አይደለም፤ ዘበኛውም አብሮ ሄዷል። ይህን ልዩነት ጠርሙሱ ላይ የጻፈ አላየሁም።

አምራቹ በዓመት ቀይሩ ይላል። እኔ 12ኛውን ወር አሳለፍኩት። ግማሹ ለሙከራ ነው፤ ግማሹ ስንፍና።

እና ቅዳሜ። ፈሳሹ በብርጭቆ ውስጥ ሲታይ እንደ ገባ ነው። ጠራ ያለ፣ ሽታ የሌለው፣ ዝቃጭ የሌለው። ይሄን አይቶ «ገና ነው» ብሎ መልሶ የሚሞላ ሰው አይጠፋም። ላይ ላዩን እንዲህ ነው፤ ውስጡን ለቄስ። የፒኤች ወረቀት ነከርኩበት። ስሞላው 8.5 ገደማ የነበረው ወደ 7.5 ወርዷል። አልሞተም። ግን ደክሟል።

የግራፊክስ ካርዱ ብሎክ እንደ አዲስ ነው። ክንፎቹ መሃል ስልኬን አብርቼ አየሁ፤ ምንም የለም። የፕሮሰሰሩ ብሎክ ላይ ግን ውሃው ከላይ ተመትቶ የሚገባበት ቦታ ላይ የክብሪት ጭንቅላት የምታህል ቡናማ ነጥብ አለች። የኒኬል ቅቡ ከመጀመሪያውም በማይክሮሜትር የሚለካ ስስ ነገር ነው። እዚያ ሳስቶ መዳቡ ብቅ ብሏል። ቡናማ መሆኑ አያስፈራኝም፤ መዳብ ሲያረጅ ይጠቁራል፣ ሙቀትም ያስተላልፋል። አረንጓዴ ቢሆን ነበር የምደነግጠው። አረንጓዴውን ያገኘሁት ሌላ ቦታ ነው፦ አንድ ፊቲንግ አንገት ላይ፣ ከውጭ በኩል። ኦሪንጉ (ፍሳሽ የሚያግደው የጎማ ቀለበት) ትንሽ ተጣሞ ኖሮ እርጥበቱ እየወጣ፣ እየደረቀ፣ ናሱን አዝጎታል። ይሄ የኔ ጥፋት ነው። የኩላንቱ አይደለም።

አሁን ቅሬታዬን ልናገር። ጠርሙሱ ላይ «ለሁሉም ብረት» ተብሎ በትልቁ ተጽፏል። ይህ ጽሑፍ ነው ያናደደኝ፤ ምክንያቱም የድሮውን ራዲያተር የመሰለ ነገር ያለው ሰው አንብቦት ይረጋጋል። እኔ አላመንኩም። ሁለት የብርጭቆ ዕቃ ወስጄ በየአንዳንዱ ውስጥ የመዳብ ሽቦ የተጠመጠመበት የአሉሚኒየም ቁራጭ አኖርኩ። አንዱን በተጣራ ውሃ፣ ሌላውን በዚሁ ኩላንት ሞላሁ። የተጣራው ውሃ ውስጥ ያለው በሦስተኛው ሳምንት ነጭ ጥጥ የመሰለ ነገር አወጣ። ኩላንቱ ውስጥ ያለው ለአራት ወር ያህል እንዳማረበት ቆየ። በአምስተኛው ወር ሽቦው ከነካበት ጎን ሁለት ነጫጭ ነጥቦች ታዩ። በስድስተኛው ሳወጣው ነጥቦቹ ላይ ጥፍሬ ይገባል።

ስለዚህ ኩላንቱ ውሸታም ነው አልልም። ያዘገያል። በጣም ያዘገያል እንኳ። ፋብሪካ ገጣጥሞ የሚሸጣቸው ዝግ ማቀዝቀዣዎች ብዙዎቹ የመዳብ ሳህንና የአሉሚኒየም ራዲያተር አላቸው፤ ዓመታት ይሠራሉ። እነሱ ግን ከመነሻው ለዚያ የተቀመመ ፈሳሽ ተሞልቶባቸው የታሸጉ ናቸው። እየፈታ፣ እየጨመረ፣ ግማሹን ውሃ እያደረገ የሚነካካቸው የለም። የኛ ዓይነቱን ሰው እየከፈተ ይነካካዋል።

ሌሎች ጥቃቅን ነገሮችም አሉ። አዲስ ራዲያተር ሳይታጠብ አይገጠምም። ውስጡ ፍላክስ የተባለው የብየዳ ኬሚካል ቅሪት ይኖራል፤ አሲዳማ ነው፣ ፀረ-ዝገቱን ገና በመጀመሪያው ሳምንት ይጨርስላችኋል። እኔ በሞቀ የተጣራ ውሃ እያናወጥኩ ሦስት ጊዜ አጠብኩት፤ የመጀመሪያው ዙር የወጣው ውሃ አሳፋሪ ነበር። አልጌ (ውሃ ውስጥ የሚበቅል አረንጓዴ ነገር) እንዳይበቅል ብሎ ከብር ማዕድን የተሠራ ጥቅልል ማጠራቀሚያው ውስጥ የሚጥልም አለ። ብር +0.80 ላይ ነው፤ ከመዳብም በላይ። ኒኬል ቅብ ካለው ብሎክ ጋር ማኖር አልወደድኩም፣ አውጥቻለሁ፤ ግላይኮሉ በቂ ከሆነ አልጌም አይመቸውም። ለአልጌ ተብሎ የሚጨመረውን የመዳብ ሰልፌት ጠብታ ደግሞ እርሱት። የመዳብ አዮን በገዛ እጅ መጨመር ማለት ነው። ሆምጣጤ በውሃ ቀጥኖ ራቁት መዳብ ያጸዳል፤ ኒኬል ላይ ግን አታስነኩት።

ነጥብ ስጥ ብባል ለፈሳሹ ከ10 ስምንት እሰጠዋለሁ። አንዱን የቀነስኩት ለዚያ «ለሁሉም ብረት» ለሚለው ነው። ሌላውን ደግሞ መዳከሙን የሚናገርበት ምልክት ስለሌለው። ሁሉም ዕቃው መዳብ፣ ናስና ኒኬል ለሆነ ሰው ግዙት እላለሁ። አሉሚኒየም ላለው ሰው ግን ኩላንት አልመክርም፤ ሌላ ራዲያተር ነው የምመክረው።

ብሎኩን በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ አጠብኩት። ያቺን ቡናማ ነጥብ ፎቶ አነሳኋት፤ በሚቀጥለው ጊዜ ማደግ አለማደጓን ለማየት። ኦሪንጉን ቀየርኩ። አዲሱን ኩላንት ስሞላ ማታ ሆኗል። አንድ ሌሊት ፓምፑን ብቻ አስነስቼ በየፊቲንጉ ሥር ሶፍት አንጥፌ አሳደርኩት። ጠዋት ሶፍቱ ደረቅ ነበር። ኬዙ ውስጥ የለጠፍኩት ወረቀት ላይ ከ61 ሥር የአዲሱን ቀን ጻፍኩና ክዳኑን ዘጋሁ።