የመስኮቶቼን ገመድ ለቀጠሉልኝ አናጺ

ሲያትል፣ ሬኒየር ቫሊ አካባቢ የድሮ ቤት ላላችሁ ወይም ለመግዛት ለምታስቡ ነው የምጽፈው። ምስጋናም ነው፣ ጥቆማም ነው። ሰውየው «ስሜን አደባባይ እንዳታወጣው» ስላሉኝ ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ።

ቤታችን እ.ኤ.አ. በ1915 የተሠራ ክራፍትስማን ባንጋሎ ነው። ዓይነቱን ታውቁታላችሁ፣ ሰፈሩን ሞልቶታል። ጣሪያው ዝቅ ያለ ነው። ክዳኑ ከግድግዳው ብዙ ወጥቶ ጥላ ይጥላል፤ የወራጆቹ ጫፍ ሳይሸፈን ከሥሩ ይታያል። ፊት ለፊት ሰፊ በረንዳ አለው። የበረንዳው ምሰሶዎች ጡብ ላይ ቆመው፣ ከታች ሰፍተው ወደ ላይ እየጠበቡ ይሄዳሉ። ስንገባ ግን ይሄ ሁሉ አልታየኝም። የታየኝ የማይከፈት መስኮት ነው።

14 መስኮት አለን። የሚከፈቱት ሦስት ብቻ ነበሩ፤ እነሱም በዱላ ካልተደገፉ እጅ ላይ ይወርዳሉ። አንድ የመስኮት ድርጅት ጠራሁ። ሻጩ ገና በር ላይ ሆኖ 24 ሺህ ዶላር አለኝ። አሮጌው ሁሉ ወጥቶ በፕላስቲክ ይተካል፣ ዛሬ ከፈረምክ ቅናሽ አለ። እስክሪብቶ አንስቼ ነበር። «ቤተክርስቲያን አንድ አናጺ አሉ፣ እስቲ እሳቸው ይዩት» ያለችው ባለቤቴ ናት።

ጋሼ መጡ። ሰላምታው ሳያልቅ መስኮቱ ሥር ተንበርክከው ቀለሙን በቢላ ጫፍ ነካ አደረጉት። «ይሄን ነው የምትጥለው?» አሉኝ። እንጨቱ ዳግላስ ፈር ነው፣ ከጥንት ደን የተቆረጠ። ቀስ ብሎ ያደገ ዛፍ ስለሆነ ቀለበቶቹ ጥቅጥቅ ያሉ ናቸው። እንደዛሬው ቶሎ አድጎ እንደሚቆረጠው እንጨት በቀላሉ አይበሰብስም።

ከዚያ የጎን ክፈፉ ላይ በቀለም የተደፈነች ትንሽ ክዳን ከፈቱ። ውስጧ ረጅም የብረት ክብደት ተኝቷል። ለካ የእኛ መስኮት ሚዛን ነው! በግድግዳው ውስጥ ብረቱ ሲወርድ መስኮቱ ይወጣል፤ ሁለቱን የሚያገናኘው በትንሽ መዘውር የሚያልፍ የጥጥ ገመድ ነው። የእኛዎቹ ገመዶች በስብሰው ተበጥሰዋል። በላያቸው ስንቱ ባለቤት ቀለም ደራርቦበታል። 24 ሺህ ዶላር የተጠየቅኩት በገመድና በቀለም ምክንያት ነው።

ቀለሙን ሲያነሱ ያየሁትን ጥንቃቄ ሳልጽፍ አላልፍም። እ.ኤ.አ. ከ1978 በፊት የተሠራ ቤት ቀለም ውስጥ እርሳስ (ሊድ የሚባለው መርዛማ ብረት) ሊኖር ይችላል፤ አቧራው ለሕፃናት መርዝ ነው። ጋሼ መጀመሪያ አስመረመሩት። ወለሉን በላስቲክ ሸፈኑ፣ ቀለሙን እያረጠቡ ፋቁ፣ ልጆቹን አክስታቸው ቤት አስላኩ። ሌላ ሠራተኛ መጥቶ ደረቁን በማሽን ሊሞርድ ቢል ከበር መልሱት።

የበረንዳው አንድ ምሰሶም እግሩ በስብሶ ነበር። የበረንዳውን ጣሪያ በክሪክ ደግፈው የበሰበሰውን ብቻ ቆርጠው በአዲስ እንጨት ቀጠሉት። መጋጠሚያውን ዛሬ ፈልጌ አላገኘውም።

ጋሼ ሲሠሩ ያወራሉ። ክራፍትስማን የሚለው ስም ጉስታቭ ስቲክሊ የተባለ የቤት ዕቃ ሠሪ እ.ኤ.አ. በ1901 ከጀመረው መጽሔት የመጣ መሆኑን የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። ባንጋሎ የሚለው ቃል ደግሞ ከህንድ፣ ከቤንጋል ነው። «ፒያሳ ያሉትን ባለ በረንዳ የእንጨት ቤቶች አታውቅም? በምኒልክ ጊዜ ህንዶችና አርመኖች ነበሩ የሚሠሩት። አሁን እዚህ የህንድ ስም ያለው ቤት በረንዳ ላይ ሻይ እየጠጣህ ነው» አሉኝ። ጎረቤቴ ደግሞ ቤታችሁ ከሲርስ (ድሮ የተቆራረጠ የቤት እንጨት በካታሎግ ይሸጥ ከነበረው ድርጅት) ታዞ በባቡር የመጣ ነው ይለኝ ነበር። ጋሼ ምድር ቤት ወርደው ወራጁን ሁሉ በባትሪ እያበሩ እንዲህ ባለ እንጨት ላይ የሚገኘውን የታተመ ቁጥር ፈለጉ። የለም። ከእኔ ይበልጥ ያዘኑት እሳቸው ናቸው።

እንከን የላቸውም አልልም። ሁለት ሳምንት ያሉት ሥራ ሁለት ወር ፈጀ። ዝናብ ከሆነ አይመጡም፤ ሲያትል ውስጥ ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ግን የከፈልኩት 6,500 ዶላር ነው። 14ቱም መስኮቶች በአንድ ጣት ይከፈታሉ። አሮጌው መስታወትም አለ፤ ፊቱ ትንሽ ወጣ ገባ ስለሆነ ከውጭ ያለውን ዛፍ የሚወዛወዝ ያስመስለዋል፣ ልጄ ይሄንን ትወደዋለች።

ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አስፈቅጃለሁ። ስትደውሉላቸው ግን «መስኮት ልቀይር ብዬ ነበር» ብላችሁ እንዳትጀምሩ።