ቢሯቸው ተቃጥሎም ጉዳዬን ለያዙልኝ

ሰላም ወገኖቼ፤ በተለይ ሂውስተንና አካባቢው ያላችሁ። በየዓመቱ የሐሪኬን ወቅት ሲገባ «ያኔ ማን ረዳሽ?» የሚለኝ ሰው ስለማይጠፋ፣ ነፃ የሕግ እርዳታ የሰጡኝን የሎን ስታር ሊጋል ኤይድ ጠበቆች ውለታ በዚሁ ልናገር።

ሃርቪ የተባለው ሐሪኬን ኦገስት 25፣ 2017 ማታ ቴክሳስን ሲመታ ከሁለት ልጆቼ ጋር የምንኖረው ደቡብ ምዕራብ ሂውስተን፣ ብሬይስ ባዩ ከሚባለው ወንዝ አጠገብ፣ ከታች ባለ አፓርታማ ነበር። እሁድ ሊነጋጋ ሲል ውሃው በበሩ ሥር ገባ። ልጆቹን ይዤ ፎቅ ላይ ወዳሉ ጎረቤቶች ሮጥኩ። ጎርፉ ጎድሎ ስንመለስ ከአገር ቤት የተላከልኝ በርበሬ ግድግዳው ላይ ዙሪያውን ቀይ መስመር አስምሮበታል። አልጋ ሥር የነበረው የሰነድ ሻንጣ ውሃ ሞልቶታል፤ የኪራይ ውሌ ቀለሙ ፈስሶ እንደ ሊጥ ተለውሷል።

ፌማ፣ ማለትም አደጋ ለደረሰባቸው የሚደርሰው የአሜሪካ መንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ተመዘገብኩ። ለአስቸኳይ ፍላጎት የሚሰጠው 500 ዶላር ቶሎ ገባልኝ። ለዕቃና ለኪራይ የጠየቅኩት ግን፣ እዚያ ቤት ለመኖሬ ማስረጃ ስላላቀረብኩ አልተፈቀደም። አከራዩን የውሉን ቅጂ ብለምነው ዛሬ ነገ እያለ አመላለሰኝ። አልተፈቀደም የሚለውን የፌማ ደብዳቤ ቀድጄ ልጥለው ነበር። ስንቱ ሰው እንደዚያ አድርጎ ቀርቷል!

የቤተ ክርስቲያን እኅቴ ናት «ሎን ስታር ሊጋል ኤይድ ሂጂ፣ ነፃ የሕግ እርዳታ ነው» ያለችኝ። ልብ በሉ፣ ከተማው ገና በጎርፍ ላይ እያለ፣ ኦገስት 28፣ መሀል ሂውስተን ያለው ዋናው ቢሯቸው ፈንድቶ ተቃጥሏል። እነሱ ራሳቸው ተጎጂዎች ነበሩ። እንዲያም ሆኖ የእኛን ወረቀት ሲያገላብጡ ይውሉ ነበር።

ጉዳዬን የያዘችው ወጣት ጠበቃ መጀመሪያ በስልክ አማርኛ አስተርጓሚ አገናኘችኝ። «እንግሊዝኛ እችላለሁ» ብላት «ሲጨንቅ በራስ ቋንቋ መናገር ይሻላል» አለችኝ። ከዚያ ስልኬን ተቀብላ ከመብራት ኩባንያው ድረ ገጽ በስሜ የተከፈሉትን የቆዩ ሂሳቦች አወጣች፤ አድራሻዬ ያለበትን የባንክ ወረቀት ጨመረችበት። የይግባኙን ደብዳቤ አብረን ጽፈን ፈረምኩ። በእያንዳንዱ ገጽ አናት ላይ የምዝገባ ቁጥሬንና ፌማ ለሃርቪ የሰጠውን የአደጋ ቁጥር 4332 በእጇ ጻፈች፤ አንድ ገጽ ተነጥሎ ቢጠፋ ከፋይሌ እንዲገናኝ ነው። ይግባኝ የሚባለው አልተፈቀደም የሚለው ደብዳቤ ከተጻፈበት ቀን አንስቶ በ60 ቀን ውስጥ ስለነበር፣ የቀረን ስድስት ቀን ብቻ ነበር። ለገና ልጆቼ በራሳቸው ፍራሽ ላይ ተኙ። አንድ ሳንቲም አልከፈልኩም።

ከእሷ የተማርኩትን ለእናንተም ልንገራችሁ። ፌማ በገንዘብ የሚረዳው ዜጋን ብቻ አይደለም፤ ግሪን ካርድ ያለው፣ ጥገኝነት ያገኘና በስደተኝነት የገባ ሰውም ማመልከት ይችላል። ጥገኝነት ጠይቃችሁ መልስ የምትጠብቁ ከሆነ በራስ ስም አይሆንም፤ ግን አሜሪካ የተወለደ ልጅ አብሯችሁ የሚኖር ከሆነ በልጁ ስም ማመልከት ትችላላችሁ። ብዙ እናቶች ይህን ሳያውቁ ቀርተዋል፤ እስካሁን ያንገበግበኛል። ገንዘቡ ብድር አይደለም፣ አይመለስም። «በኋላ የመንግሥት ሸክም ተብሎ ግሪን ካርድ ያስከለክላል» የሚባለውን አትስሙ፤ የአደጋ እርዳታ በዚያ አይቆጠርም። የፌማ ስልክ 1-800-621-3362 ነው፤ ስትደውሉ አማርኛ አስተርጓሚ ጠይቁ።

አልተፈቀደም የሚል ደብዳቤ የደረሳችሁ፣ ቀኑን አይታችሁ ዛሬውኑ ወደ ሎን ስታር ደውሉ።

ለዚያች ጠበቃ የይርጋጨፌ ቡና ቆልቼ፣ ፈጭቼ ወስጄላት ነበር። ከደንበኛ ስጦታ መቀበል እንደማይፈቀድላት ነግራኝ፣ አሽትታው፣ በሁለት እጇ መለሰችልኝ። የኔ እህት፣ ቡናውን ስላልተቀበልሽኝ ይህችን ምስጋናዬን ተቀበይኝ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።