ዝግጁ የመልቀቂያ ደብዳቤ ለመምህር ይሠራል?

ከኮምፒውተር የጽሑፍ ፕሮግራሞች ጋር የሚመጣው፣ ድረ ገጾችም በነፃ የሚያድሉት የመልቀቂያ ደብዳቤ ናሙና አንድ ገጽ እንኳ አይሞላም፤ ስም፣ ቀን፣ «በገዛ ፈቃዴ ሥራዬን መልቀቄን አሳውቃለሁ»፣ ምስጋና፣ ፊርማ። በቋሚነት ለተቀጠረ ሠራተኛ ይበቃል። ውሉ ሳያልቅ ለሚወጣ መምህር ግን ችግሩ ያለው ዋናው ዓረፍተ ነገር ላይ ነው።

ለተወሰነ ጊዜ የተፈረመ ውል ውስጥ የቅድመ ማስጠንቀቂያ አንቀጽ ከሌለ፣ «መልቀቄን አሳውቃለሁ» ማለት ውል ማፍረስን በገዛ ፊርማ ማመን ሊሆን ይችላል። በምትኩ «ውሉ በስምምነት እንዲቋረጥ እጠይቃለሁ» ብሎ፣ መልሱ በጽሑፍ እንዲሰጥ መጠየቅ ይሻላል። «በገዛ ፈቃዴ» የሚለውም ደመወዝ ተይዞበት ወይም ከውሉ በላይ ክፍለ ጊዜ ተጭኖበት ለሚወጣ ሰው አይሆንም። ነገሩ ክርክር ላይ ከደረሰ አሠሪው መጀመሪያ የሚያነሳው ይህችኑ ሐረግ ነው።

ናሙናው የሚጠይቀው ደብዳቤው የተጻፈበትን ቀን ብቻ ነው። ትምህርት ቤቱ የተቀበለበትና የመጨረሻው የሥራ ቀንም መግባት አለባቸው፤ ማስጠንቀቂያው አብዛኛውን ጊዜ የሚቆጠረው ከተቀበሉበት ቀን ነውና። ውሉ «30 ቀን» የሚል ከሆነ የሥራ ቀን መሆን አለመሆኑን ማየት ያስፈልጋል፤ በሳምንት 5 ቀን ሲሰላ 6 ሳምንት ይሆናል። የትምህርት ቤት ዕረፍት መሐል ከገባ ደግሞ ይቆጠራል አይቆጠርም የሚል ጭቅጭቅ አይቀርም። ደብዳቤው በ2 ቅጂ ይዘጋጅ፤ አንዱ ላይ የተቀባይ ፊርማና ቀን ይኑር።

የናሙናው ደካማ ክፍል ርክክቡ ነው። «ለርክክቡ እተባበራለሁ» ብሎ ያልፈዋል። መምህር የሚያስረክበው ግን ቁልፍና መጽሐፍ ብቻ አይደለም። ማርክ ሊስቱ (የተማሪዎች ውጤት መመዝገቢያው) ድምር ብቻ ይዞ ከቀረ ተተኪው የትኛው ፈተና ከስንት እንደተያዘ አያውቅም፤ የተማሪ ውጤት ሲጎድል ደግሞ ጥፋቱ በሄደው ላይ ይላከካል። ስለዚህ እያንዳንዱ ምዘና ከነክብደቱ፣ ትምህርቱ የደረሰበት ምዕራፍና ያልታረሙ ወረቀቶች ብዛት በአባሪ ተዘርዝረው ሁለቱም ወገን ይፈርሙበት።

ገንዘብን በተመለከተ ናሙናው አንድ መስመር የለውም። ያልተከፈለ ደመወዝና ያልተወሰደ ዕረፍት ቢኖር የሚጠየቅበት፣ ለሥልጠና ወይም ለጉዞ የወጣ ወጪ ይመለስ የሚል አንቀጽ በውሉ ካለም ስሌቱ በጽሑፍ እንዲቀርብ የሚጠይቅ አንቀጽ መጨመር ግድ ነው። ከፊርማው በላይ ባዶ ቦታ ስላለ ይበቃል።