ዲጂታል ጁክቦክስ በመሃል አዲስ አበባ፦ ለየቤቱ እየመረጠ የሚያጫውተው ሣጥን ሲፈተሽ

ለካፌ፣ ለግሮሰሪና ለሥጋ ቤት እዚሁ ከተማ የሚገጣጠመው የግድግዳ ጁክቦክስ (ዘፈን እየመረጠ የሚያጫውት ሣጥን) ውስጡ ሲከፈት የሚያስፈራ ነገር የለውም። አንድ ራስቤሪ ፓይ 4 የተባለ ትንሽ ኮምፒውተር፣ ባለ 15.6 ኢንች ንክኪ ስክሪን፣ የዩኤስቢ ድምፅ ካርድና ዘፈኑ የሚቀመጥበት 256 ጊጋባይት ኤስኤስዲ ዲስክ ነው። ሻጮች አስቀድመው የሚያወሩት ስለ ዘፈኑ ብዛት ነው። ብዛት ግን ዛሬ ርካሽ ነው፤ በሰከንድ በ320 ኪሎቢት የተቀዳ የ5 ደቂቃ ዘፈን 12 ሜጋባይት ያህል ስለሚይዝ 10,000 ዘፈን በ120 ጊጋባይት ይገባል። የሣጥኑ ዋጋ የሚለካው ለአንድ ቤት ስንቱን ዘፈን መተው እንደሚችል በማየት ነው፤ በዚህ በኩል ምስጋና ይገባዋል።

ሲገጠም የቤቱ ዓይነትና የሥራ ሰዓቱ ይሞላና ከትልቁ ክምችት ለእያንዳንዱ የቀን ክፍል የተለየ ዝርዝር ይወጣል። እዚህ ላይ ስስት አያዋጣም። የጠዋቱ የማኪያቶ ሰዓት 3 ሰዓት ቢሆን 36 ዘፈን ያህል ይጫወታል። ለዚያ ክፍል 40 ዘፈን ብቻ ከተመደበ በየቀኑ በዚያው ሰዓት የሚመጣ ደንበኛ በየቀኑ ያንኑ ይሰማል፤ ከደንበኛው በፊት የሚሰለቹት ደግሞ አስተናጋጆቹ ናቸው። 150 ሲሆን አንድ ዘፈን የሚመለሰው በአራት ቀን አንዴ ነው። ምሳ ሰዓት ላይ ግጥም የበዛበት ዘፈን ከጨዋታ ጋር ስለሚጋፋ ሳክስፎን፣ ክራርና ኢትዮ ጃዝ ይሻላል። ሥጋ ቤት ግን ሌላ ነው፤ እዚያ ዝግ ያለ ትዝታ በቀን 7 ሰዓት ቤቱን ያቀዘቅዘዋል።

ትልቁ ሥራ መለያ መስጠቱ ላይ ነው። ከውጭ የመጣ ሶፍትዌር እንዳለ ሲጫን የእኛን ሙዚቃ በሙሉ «ወርልድ» በሚል አንድ ከረጢት ይጨምረዋል፤ ከዚያ በኋላ ለቤት መምረጥ የሚባል ነገር የለም። እዚህ ሣጥን ላይ እያንዳንዱ ዘፈን ቅኝቱ (ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ)፣ ቋንቋው፣ ፍጥነቱና የሚስማማው ሰዓት በእጅ ተሞልቶለታል። ፍጥነቱን ኮምፒውተር ራሱ ይለካው ብሎ መተው አያዋጣም፤ የጭክጭካ ምት ላይ ብዙ ጊዜ እጥፉን ወይም ግማሹን ይቆጥርና ጭፈራውን ከለስላሳው ጋር ያሰልፈዋል።

ፍለጋው ደግሞ በፊደላችን ታስቦበታል። ደንበኛው «ሠርግ» ብሎም «ሰርግ» ብሎም ቢጽፍ ያው ይመጣል፤ ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ እንደ አንድ ይቆጠራሉ። ድምፃውያን የሚደረደሩት በራሳቸው ስም ነው። ይህ ቀላል ይመስላል፤ በአባት ስም የሚደረድር ሣጥን ላይ ግን ጥላሁንን የሚፈልግ ሰው ገሠሠ ሥር መግባት አለበት፣ ማንም እዚያ አይፈልግም። የቆዩ ፋይሎች ላይ አንድ ጣጣ ቀርቷል፦ የዘፈኑንና የድምፃዊውን ስም ፋይሉ ውስጥ የሚይዘው የአይዲ ትሪ መለያ የመጀመሪያው ዓይነት የግዕዝ ፊደል ስለማይዝ ስሙ በጥያቄ ምልክት ተሞልቶ ይወጣል። እነዚህ በሁለተኛው ዓይነት እንደገና መጻፍ አለባቸው።

ዘፈን እንዳይደጋገም የሚጠብቀው ሕግ ግን ጎደሎ ነው። የሚያየው ፋይሉን እንጂ ርዕሱን አይደለም። ትዝታን ያልዘፈነ ድምፃዊ ስለሌለ ሦስት የተለያዩ ትዝታዎች ተከታትለው ሊመጡ ይችላሉ። ተመሳሳይ ርዕስ ቢያንስ በ3 ሰዓት፣ ተመሳሳይ ድምፃዊ በ45 ደቂቃ እንዲራራቅ መሙላት ያስፈልጋል።

ድምፁን በተመለከተ፣ በ1960ዎቹ ከተቀዳ ሸክላ፣ ከካሴት የተገለበጠ ዘፈንና የዘንድሮ ሥራ ሲከታተሉ ካሸሩ ቁልፉን ሲያዞር ይውላል። ሪፕሌይጌይን የሚባለው ማስተካከያ ሁሉንም ወደ አንድ የድምፅ ከፍታ (−18 ሉፍስ) ሲያመጣው ይህ ያበቃል፤ ሣጥኑ ውስጥ አለ፣ ግን ተዘግቶ ነው የሚመጣው። ስፒከሮቹ በየጥጉ የተበተኑበት ቤት ደግሞ ሞኖ ላይ ይደረግ፣ ሁሉም ስፒከር አንድ ዓይነት ድምፅ ያውጣ፤ ያለዚያ በር አጠገብ የተቀመጠው ጊታሩን ብቻ፣ ጓዳ በኩል ያለው ድምፁን ብቻ ይሰማል። «እምምም» የሚል ድምፅ ካለ ሣጥኑና አምፕሊፋየሩ በተለያየ ሶኬት መሰካታቸው ሊሆን ይችላል፤ አንድ ማከፋፈያ ላይ ሲሰኩ ብዙ ጊዜ ይጠፋል።

የሰዓቱ ነገር ነው ያሳዘነን። መርሐ ግብሩ በፈረንጅ ሰዓት ነው የሚሞላው። ማታ 2 ሰዓት ለማለት 2:00 የጻፈ ካሸር ለሣጥኑ የነገረው ሌሊት 8 ሰዓት ነው፤ ትክክለኛው 20:00 ነው። ጾምና በዓልም እንዲሁ። ገና ቋሚ ቀን ስላለው አያስቸግርም፤ ፋሲካ ግን በ2017 ሚያዝያ 12፣ በ2018 ደግሞ ሚያዝያ 4 ስለሆነ ዐቢይ ጾም ሲገባ ወደ በገናና ክራር የሚቀይረው ዝርዝር በየዓመቱ በእጅ መስተካከል አለበት።

ከዚህ የባሰው መብራት ሲሄድ የሚሆነው ነው። ራስቤሪ ፓይ 4 የራሱ የሰዓት ባትሪ የለውም፤ መብራት ተመልሶ ኢንተርኔት ካልመጣ ሰዓቱ ከቆመበት ይቀጥላል። አንድ ሰዓት ጠፍቶ ከቆየ ምርጫው ሁሉ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። ዲኤስ3231 የተባለች ትንሽ የሰዓት ቺፕ ከክብ ባትሪዋ ጋር ሲገጠም ነገሩ ያልቃል፤ ፋብሪካው ያልጨመረበት ምክንያት አይታየንም። መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ በባትሪ የሚያቆየው ዩፒኤስም አብሮ ይገዛ፣ እየጻፈ ያለ ዲስክ በድንገት ሲቋረጥ ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል።

ደንበኛ በኪውአር ኮድ በቴሌብር ከፍሎ ዘፈን ማስመረጥ ይችላል። ገደብ ግን ይደረግበት፦ ለአንድ ስልክ ሁለት ዘፈን፣ ከሦስት ዘፈን አንዱ ብቻ የተከፈለበት። ያለዚያ አንድ ጠረጴዛ ምሽቱን ይገዛዋል። ሕጉም አይዘንጋ፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ 410/1996 እና ማሻሻያው 872/2007 በሕዝብ ፊት ማሰማትን ያለ ባለመብቱ ፈቃድ አይተዉትም፤ ለግል ማዳመጫ የተከፈለ የስፖቲፋይ አካውንትም ለንግድ ቤት አይሆንም።

ከሁሉ የወደድነው በስተቀኝ ጎኑ ያለችውን ቀይ ቁልፍ ነው። የይለፍ ቃል አትጠይቅም፤ ጎረቤት ለቅሶ ሆኖ ድንኳን ሲጣል ማንኛዋም አስተናጋጅ በአንድ ጣት ዝም ታሰኘዋለች፣ ባለቤቱ እስኪከፍተውም አይጮህም።

ከመግዛት በፊት እዚያው ሱቁ ውስጥ ኢንተርኔቱን አስጠፍቶ ሶኬቱን መንቀል፣ 10 ደቂቃ ቆይቶ መልሶ መሰካትና ስክሪኑ ላይ የሚታየውን ሰዓት ከእጅ ሰዓት ጋር ማስተያየት ይገባል።