ቪትዝ ወይስ የኤሌክትሪክ ቢዋይዲ? በደህንነት በኩል ሲታዩ

ቱሉ ዲምቱ ለሚኖር ሰው መኪና ቅንጦት አይደለም። ማታ ታክሲ የጠበቀ ያውቀዋል። ሰሞኑን እህቴ ሁለት ምርጫ ይዛ መጣች፤ የ2005 ቪትዝ እና የ2023 ቢዋይዲ ዩዋን ፕላስ። ዋጋውንና የነዳጁን ወጪ አስልታ ጨርሳለች። እኔ የጠየቅኳት ሌላ ነው። አምራቹ «ጉድለት አለበት፣ መልሱልኝና ላስተካክል» ቢል ጥሪው አንቺ ጋር ይደርሳል?

ቪትዙን ሳስብ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ታካታ የተባለው የጃፓን ኩባንያ የሠራው ኤርባግ (በግጭት ጊዜ ተነፍቶ ሰውን የሚጠብቀው ከረጢት) ነው። ኤርባጉን የሚነፋው አሞኒየም ናይትሬት የተባለ ኬሚካል ሙቀትና እርጥበት ለዓመታት ሲፈራረቁበት ይበላሻል። ግጭት ሲፈጠር ከልክ በላይ ይፈነዳል፤ የብረት ማቀፊያው ተሰባብሮ ሾፌሩ ላይ ይረጫል። ነፍስ ሊያድን የተገጠመ ነገር ሰው ገደለ። እ.ኤ.አ. በ2015 ቶዮታ ከ2003 እስከ 2007 የተመረቱ ወደ 5 ሚሊዮን መኪኖችን ለጥገና ጠራ፤ ኮሮላና ቪትዝም አሉበት። ታካታ በ2017 አሜሪካ ውስጥ ጥፋቱን አመነ፤ በዚያው ዓመት ከሰረ። ጃፓን ደግሞ በ2018 አደገኛው ኤርባግ ያልተቀየረለት መኪና ምርመራ እንዳያልፍ ከለከለች። ይህን ሳነብ ቀናሁ። የእኔን መኪና ለቦሎ ሳስመረምር ፍሬን፣ መብራትና ጎማ ታየ። ስለ ኤርባግ የጠየቀኝ ሰው የለም። ተቆጣጣሪን የማምነው እንዲህ ያለውን ሲጠይቀኝ ነው።

ታዲያ ቪትዝ ይቅር? አይቅር። መለዋወጫው በየቦታው አለ። የኤርባጉም ጉዳይ የታወቀ ስለሆነ ማጣራት ይቻላል። የሻንሲ ቁጥሩን ከሊብሬው ውሰዱና መኪናው መጀመሪያ በተሸጠበት አገር የቶዮታ ድረ ገጽ ላይ ፈልጉ። ቁልፍ ስታዞሩ የኤርባጉ መብራት በርቶ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ መጥፋት አለበት። ጭራሽ ካልበራ ጠርጥሩ፤ ኤርባጉ ፈንድቶ ሳይተካ ተሸፍኖ ሊሆን ይችላል። ደላላው «ምንም አይልም» ቢላችሁ እንኳ ባለሙያ ሳያየው ቀብድ አትስጡ።

ቢዋይዲው አዲስ ነው፣ ጸጥ ያለ ነው፣ ቤት ውስጥ ቻርጅ ይደረጋል። የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት እ.ኤ.አ. በ2024 ከተከለከለ ወዲህ ብዙዎቻችን ወደዚያው እያየን ነው። ግን በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ቢዋይዲ ቻይና ውስጥ ወደ 97,000 የሚጠጉ ዶልፊንና ዩዋን ፕላስ መኪኖችን ጠርቷል። የመሪው መቆጣጠሪያ ላይ የተገኘው የአመራረት ጉድለት ሾርት ፈጥሮ እሳት ሊያስነሳ ይችላል ተባለ። ጥገናው ከባድ አይደለም። አምራቹ ጉድለቱን በይፋ መናገሩም ለእኔ ጥሩ ምልክት ነው። የሚያሰጋኝ ሌላ ነገር ነው። ቻይና ተሸጦ በግለሰብ አስመጪ በኩል ቱሉ ዲምቱ የደረሰ መኪና ዛሬ የማን እንደሆነ አምራቹ በምን ያውቃል? ስለዚህ ሻጩን «በዚህ የሻንሲ ቁጥር ሪኮል (የአምራቹ የጥገና ጥሪ) አለ? ከተገኘ ማን ይጠግነዋል?» በሉት። መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። እዚህ የራሱ ጋራዥ ያለውና ኃላፊነት የሚፈርም አስመጪ ካገኛችሁ ቢዋይዲውን እመርጥላችኋለሁ። ካላገኛችሁ ግን ኤርባጉ መቀየሩ የተረጋገጠ ቪትዝ ይሻላል።

እህቴ የቢዋይዲውን ሻጭ ይህንኑ ጠየቀችው። «አጣርቼ እደውላለሁ» ብሏት ነበር። ሳምንት ሆነው፣ አልደወለም። የቪትዙን ቁጥር ግን ማታ አብረን ፈለግን፤ ኤርባጉ ጃፓን እያለ ተቀይሯል። ቅዳሜ ጠዋት መካኒክ ይዘን ልናየው ነው።